የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች፦ ጎል የሚያስፈልጋቸውን ልጆች እንዴት እንምራ?

ሀዋሳ ውስጥ ከ15 ዓመት በታች ሴት ልጆችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። የስፖርት መምህርት ስለሆንኩ ልጆቹ ሜዳ ላይም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ይህን የምጽፈው በትምህርት ቤትና በሰፈር ውድድር ቡድን ይዛችሁ ለምትቆሙ ሁሉ ነው። የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሲቀረውና ጎል ሲያስፈልግ እንዴት እንደምናጠቃ።

በየሜዳው የማየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ቡድኑ 1 ለ 0 እየተመራ ነው። አሰልጣኙ ከወንበሩ ብድግ ይልና «ወደፊት! ወደፊት!» ይላል። ሁሉም ልጅ ወደፊት ይሮጣል። ተከላካዮቹ እግራቸው ስር የገባውን ኳስ ሁሉ ይጠልዛሉ። ኳሱ በአጥቂዎቹ አናት ላይ አልፎ በረኛዋ እጅ ይገባል። አንድ ሰዓት ሙሉ ደህና ሲቀባበሉ የነበሩ ልጆች የለመዱትን ሁሉ በአንዴ ይተዉታል። በልጆቹ አይፈረድም። «ወደፊት» የሚለው ጩኸት ልጅቷ የት እንደምትቆም፣ ኳሱን ለማን እንደምትሰጥ፣ ማን ከኋላ እንደሚቀር አይነግራትም።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ውሳኔ በሳምንቱ መሃል፣ ልምምድ ላይ መወሰን አለበት ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ በእግራቸው ሞክረውት መምጣት አለባቸው። በጨዋታው ቀን ለእኛ የሚቀረው ከተለማመዱት ውስጥ የትኛውን እንደምንጠቀም መምረጥ ነው።

መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ

የታዳጊዎች ውድድር ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዓለም አቀፉ የጨዋታ ሕግ ራሱ ለታዳጊዎች የጨዋታውን ርዝመት፣ የኳሱንና የሜዳውን መጠን፣ የተቀያሪውን ቁጥር መቀየር ይፈቅዳል። እኛ የምንጫወተው በየአጋማሹ 35 ደቂቃ ነው። እናንተ ጋ 30 ወይም 40 ሊሆን ይችላል። ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ግቡ። አቻ ብንወጣ ይበቃናል ወይ? በነጥብ እኩል ከሆንን የሚለየን የጎል ልዩነት ነው ወይስ እርስ በርስ የተጫወትነው? ጥሎ ማለፍ ከሆነስ ጭማሪ ሰዓት አለ ወይስ ቀጥታ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነው?

ይህን ሳያውቅ የሚያጠቃ አሰልጣኝ አለ። አቻ ለምድቡ የሚበቃው ቡድን በመጨረሻው ደቂቃ ተከላካዮቹን ሁሉ ልኮ ጎል ሲገባበት ማየት ያሳዝናል። በጎል ልዩነት የሚወድቅ ቡድን ደግሞ 1 ለ 0 እየመራ ኳስ ሲያንከባልል ጊዜው ያልቅበታል።

ሳንቲሙ ላይ

የመጨረሻው 10 ደቂቃ የሚጀምረው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሳንቲም ያሸነፈ ቡድን ወይ የሚያጠቃበትን ጎል ይመርጣል ወይ ኳስ ያስጀምራል። ሁልጊዜ ጎል ምረጡ።

ሀዋሳ ላይ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ሲያልቅ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ዝቅ ብላለች። የእኛ ሜዳ አንዱ ጎል በሐይቁ በኩል፣ ሌላው በአስፋልቱ በኩል ነው። ስለዚህ አምበሌ በመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ሐይቁ የምናጠቃበትን ጎል ትመርጣለች። በሁለተኛው አጋማሽ ፀሐይዋ ከጀርባችን ትሆናለች፤ የተጋጣሚ በረኛ ደግሞ ፊት ለፊት ታያታለች። ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ ላይ እጇን ግንባሯ ላይ ስታደርግ ታያላችሁ።

ንፋሱም አለ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ በሁለተኛው አጋማሽ ወደምናጠቃበት ጎል ይነፍሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ንፋስ ከጀርባ ሲሆን ረጅም ኳስ ይጥማል፤ ሩቅ ይሄዳላ! ግን ከአጥቂዋ በላይ ሩቅ ይሄድና በረኛዋ ትወስደዋለች። ንፋስ ከኋላችሁ ሲሆን ኳሱን እግር ላይ ስጡ። ከተከላካይ ጀርባ የሚጣል ኳስ የሚሠራው ንፋሱ ፊት ለፊት ሲሆን ነው፤ ኳሱን ይይዘውና አጥቂዋ ትደርስበታለች።

ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ

አንዳንድ የታዳጊ ውድድር የወጣች ልጅ ተመልሳ እንድትገባ ይፈቅዳል። የእናንተ የሚፈቅድ ከሆነ ትልቅ ዕድል በእጃችሁ አለ። ፈጣኗን አጥቂ በ42ኛው ደቂቃ አካባቢ አውጧት። ውሃ ትጠጣ፣ ጥላ ውስጥ ትቀመጥ። በ55ኛው ትመለስ። ስትመለስ የምትገጥማት የመስመር ተከላካይ 55 ደቂቃ ሙሉ ስትመላለስ የቆየች ናት። ተመልሶ መግባት ካልተፈቀደ ግን ፈጣን ልጅ ከወንበር ይዛችሁ ቆዩ፤ ያቺው የደከመችው ተከላካይ ባለችበት መስመር አስገቧት። በየትኛው በኩል እንደደከመ ለማወቅ እጅ ወገብ ላይ ያደረገችውን ልጅ ፈልጉ።

ስለ ድካም ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል። ልጆቹ ከክፍል ቀጥታ ነው የሚመጡት። ምሳ ያልበላች ልጅ ሁልጊዜ ትኖራለች፤ አትናገርም ደግሞ። በ60ኛው ደቂቃ «ድካም» የምንለው ብዙ ጊዜ ረሃብ ነው። ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ሙዝና ዳቦ ለሁሉም እኩል አከፋፍሉ። ለሁሉም ከሆነ ማንም አታፍርም። ከማውቃቸው የማጥቃት ዘዴዎች ሁሉ በጣም ርካሹ ይሄ ነው።

የቅያሪው ጊዜ ላይ ቆራጥ ሁኑ። 5 ደቂቃ ሲቀር የገባች ልጅ የጨዋታውን ፍጥነት ሳትለምድ ያልቃል። 15 ደቂቃ ሲቀር ይሻላል። ተጋጣሚ ኮርና ሊመታ ሲል ግን አትቀይሩ፤ ማን ማንን እንደምትይዝ ይጠፋል። ኳሱ ተጋጣሚ ሜዳ ውስጥ ሲወጣ ጠብቁ።

ደግሞም እነዚህ ልጆች ናቸው። ሙሉ ጨዋታ ወንበር ላይ ያስቀመጥናትን ልጅ 2 ደቂቃ ሲቀር «ሂጂ አድኚን» ብለን መላክ ተገቢ አይደለም። ካልተሳካላት ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። በወንበር ያለች ልጅ ሁሉ ቢቻል ከ50ኛው ደቂቃ በፊት ሜዳ ረግጣ እንድትወጣ ወይም እንድትገባ አደርጋለሁ። ይሄ ለፍትሕ ብቻ አይደለም። ኳስ የነካች ልጅ መጨረሻ ላይ ስትፈለግ እግሯ አይንቀጠቀጥም።

አሁን ማጥቃቱ

እየተመራን ከሆነ 15 ደቂቃ ሲቀር ሦስተኛ አጥቂ እጨምራለሁ። የምትወጣው ወይም ወደፊት የምትሄደው ከአማካዮች አንዷ ናት። ከኋላ ስንት ይቅር? ተጋጣሚ ፊት ላይ ካስቀረው አጥቂ በአንድ ይበልጥ። አንድ አጥቂ ካላቸው ሁለት ተከላካይ፣ ሁለት ካላቸው ሦስት። ይህን ቆጠራ ለመሃል ተከላካይዋ ስጧት። እኔ ከዳር ሆኜ ከምቆጥር እሷ ከኋላ ሁሉን ታያለች።

ሦስት አጥቂ ሲኖር ሦስቱም ሳጥኑ መሃል ይከማቻሉ። ሁሉም ጎል ማግባት ይፈልጋላ። ከዱራሜ ተነስታ የሀዋሳ ከተማን ማሊያ ለብሳ፣ ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተችውን ሎዛ አበራን የማያውቅ ልጅ የለኝም። ሁሉም እሷን መሆን ይመኛል። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሦስት ሎዛ አንድ ቦታ ላይ ስትቆም ለተጋጣሚ ሁለት ተከላካይ ይበቃል። ስለዚህ ሁለቱ መስመሩን እስኪረግጡ ድረስ ይሰፋሉ። የደከመ መከላከል ሲለጠጥ ነው የሚቀደደው።

ከዚያ የምንፈልገው አንድ ዓይነት ኳስ ነው። የመስመር ልጅቷ እስከ መጨረሻው መስመር ትሄዳለች፤ ኳሱን ወደ ኋላ፣ መሬት ለመሬት፣ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ አካባቢ ትመልሳለች። በዚህ ዕድሜ ከፍ ያለ ተሻጋሪ ኳስ ብዙም አይጠቅምም። በቴስታ አስተካክላ የምትመታ ልጅ ጥቂት ናት፤ ብዙዎቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በቴስታ ብዙ እንዲመቱም አልፈልግም። መሬት ለመሬት ወደ ኋላ የተመለሰ ኳስ ግን ተከላካዮቹን ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ጎል አዙረው እየሮጡ ያገኛቸዋል። ኳሱን ከኋላ እየመጣች የምትመታው ልጅ ጎሉን በሙሉ ታያለች። ከኋላ የምትመጣው አማካይ ናት፤ አጥቂዎቹ በረኛዋን ወደ ራሳቸው ስበው ወደ ጎሉ ይሮጣሉ፣ እሷ ቆም ብላ ትጠብቃለች። ይህን «ቆም በይ» ማስተማር ከሁሉም ይከብዳል። በየልምምዱ እንደግመዋለን።

መቼ ይመታ? የሙሉ መጠን ጎል ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። የ14 ዓመት በረኛ ከአግዳሚው በታች ያለው ቦታ አይደርሳትም። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ ከሆናችሁ ከፍ አድርጎ መምታት ያዋጣል። ከሩቅ ግን የደከመ እግር ኳስ አያነሳም፤ መሬት ለመሬት ተንከባሎ በረኛዋ እቅፍ ይገባል። 10 ደቂቃ ሲቀር ከ25 ሜትር የሚመታ ኳስ ለተጋጣሚ እንደመስጠት ነው።

የቆሙ ኳሶች

ልጆች ሲደክሙ ሩጫ ያንሳል፤ የቆመ ኳስ ግን እንደዚያው ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

በእጅ ውርወራ እጀምራለሁ፤ ሰው ስለሚንቀው። ከውርወራ በቀጥታ የሚመጣ ኳስ ላይ ኦፍሳይድ የለም። ከመልስ ምትና ከኮርናም እንዲሁ። የታዳጊ ተከላካዮች ግን ይህን ይረሱታል። እጃቸውን አንስተው «ኦፍሳይድ!» ብለው ይቆማሉ። አጥቂያችሁን ከተከላካዮች ጀርባ፣ በመስመሩ በኩል አቁሟት። ወርዋሪዋ በላያቸው ትጣልላት። አጥቂዋ ወደ መጨረሻው መስመር ትሂድ፤ ከዚያ ያው ወደ ኋላ የሚመለስ ኳስ። ወርዋሪዋን በደንብ አለማምዷት፦ ሁለት እግር መሬት ላይ፣ ከመስመሩ ላይ ወይም ውጪ፣ በሁለት እጅ ከጭንቅላት ጀርባ ተነስቶ በላይ። የደከመች ልጅ ስትወረውር የኋላ እግሯ ይነሳል፤ ውርወራውም ለተጋጣሚ ይሰጣል። ውርወራ በቀጥታ ጎል ቢገባ እንደማይቆጠርም ንገሯት።

ቅጣት ምት ስታገኙ ሁለት ምርጫ አለ። አምበሏ ዳኛውን «ርቀት» ብላ ከጠየቀች ተጋጣሚ 9.15 ሜትር ይርቃል፤ ግን ፊሽካ እስኪነፋ መምታት አይቻልም፣ ግድግዳውም ይሠራል። ካልጠየቀችና ዳኛው ካርድ እያወጣ ካልሆነ ቶሎ መምታት ይቻላል። ከጎሉ ሩቅ ከሆናችሁ አትጠይቁ። ቶሎ አስቀምጣ ለቅርቧ ልጅ ትስጥ። ሳጥኑ አጠገብ ከሆነ ጠይቁ፤ እዚያ ጥሩ መቺ ያስፈልጋል።

ኮርና ላይ አንድ ዘዴ ብቻ ይኑራችሁ። ብዙ የተማረ ቡድን መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያደባልቀዋል። የእኛ አጭር ነው፦ ቅርብ ላለች ልጅ ይሰጣል፣ እሷ ወደ ሳጥኑ ጫፍ ትመልሳለች። ከኋላ የሚቀሩትን ቆጠራ እዚህም አትርሱ። በመጨረሻ ደቂቃ የሚገባብን ጎል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከራሳችን ኮርና ነው።

የተጋጣሚ በረኛ ኳስ ይዛ ሰዓት ስታባክን ደግሞ ሕጉ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በረኛ ኳስን በእጇ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘች ለተጋጣሚ ኮርና ይሰጣል። ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በእጁ ያሳያል። ልጆቻችሁ ዳኛውን እንዳይጮሁበት፣ በረኛዋንም እንዳያደናቅፏት ንገሯቸው። ይልቅ ቅርብ ያሉትን ተከላካዮች ይያዙ። ለማን እንደምትሰጥ ካጣች ሰከንዱ ይሄድባታል።

እየመራችሁ ከሆነ አጭር ነው የምለው። ኳሱን አስፍታችሁ ተቀባበሉ፣ ወደፊትም ተጫወቱ። የውሸት መውደቅና ኳስ መደበቅ ለልጆች አላስተምርም።

ድምፅ

በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሀዋሳ ከተማ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ያዩ አባቶች ሜዳ ዳር ይቆማሉ። ኳስ ያውቃሉ፤ ልጆቻቸውንም ይወዳሉ። ግን መጨረሻ ላይ ሁሉም አሰልጣኝ ይሆናል። አንዱ «ጠልዢው!» ይላል፣ አንዱ «ያዢው!» ይላል። ልጅቷ መሃል ላይ ትደርቃለች። ከጨዋታው በፊት በአክብሮት እነግራቸዋለሁ፦ «ጋሼ፣ አጨብጭቡላቸው፤ ምን እንደሚያደርጉ እኔ እነግራቸዋለሁ።» አብዛኛው ይሰማል።

እኔም ብዙ አልጮህም። ከልጆቼ ቤታቸው ሲዳምኛ የሚያወሩ አሉ፣ ወላይትኛ የሚያወሩም አሉ። በዚያ ጩኸት መሃል ረጅም ንግግር ማንም አይሰማም። ስለዚህ የእጅ ምልክት አለን። ሦስት ጣት ካሳየሁ ሦስተኛ አጥቂ ትገባለች። ሁለት እጄን ከዘረጋሁ ይሰፋሉ። ምልክቱን የማሳየው ለአምበሏ ብቻ ነው፤ እሷ ታስተላልፋለች።

ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ

በጨዋታው መሃል ፔናሊቲ ሲሰጥ ማን እንደምትመታ ቀድሞ የታወቀ ይሁን። የተመታችው ልጅ «እኔ ነኝ የወደቅኩት» ብላ ኳሱን ታቅፋለች፤ እያለቀሰች የምትመታ ልጅ ግን አታገባም። ሰዓቱ ካለቀም ፔናሊቲው ሳይመታ ጨዋታው አያልቅም። በዚያ ጊዜ ግን ተመላሽ ኳስ የለም። ሌሎቹ ልጆች ሮጠው ቢገቡ ምንም አያገኙም፤ ይህን ለመቺዋ ንገሯት፣ አንድ ዕድል እንዳላት ትወቅ።

አቻ ሆኖ መለያ ምት ከታየ የመጨረሻ ቅያሪያችሁ ላይ አስቡበት። የሚመቱት ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ውስጥ የነበሩት ናቸው። ጥሩ መቺያችሁን በ66ኛው ደቂቃ ካወጣችኋትና መመለስ ካልተፈቀደ አበቃ። ወንበር ላይ እርጋታ ያላት መቺ ካለችም ፊሽካው ሳይነፋ መግባት አለባት።

ልጆቹን ከፊሽካው በኋላ «ማን ይመታል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ዝም ይላሉ፤ ወይም በጣም ደፋሯ እጅ ታወጣለች፣ ደፋር ማለት ጥሩ መቺ ማለት አይደለም። በሳምንቱ ልምምድ ደክመው ሳሉ አስመቷቸው፤ ከሩጫ በኋላ የምታገባው ልጅ ናት የምትፈለገው። በጣም የምታምኗትን አንደኛ አድርጓት። አምስተኛ ካደረጋችኋት ተራዋ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። ከ5 ምት በኋላም እኩል ከሆኑ አንድ በአንድ ይቀጥላል፤ ለመምታት የተፈቀደላቸው ሁሉ፣ በረኛዋም ጭምር፣ ሳይመቱ ማንም ሁለተኛ አትመታም። ስለዚህ ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ከ5 ስም ይልቅ 11 ስም ጻፉ።